የጢሱ መኪና ስትመጣ

ጢሱ ያቺን መኪና ገዝቶ የመጣ ዕለት ክፉ የተናገርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሰፈሩ ከቦ እንኳን ደስ አለህ ሲለው፣ ልጆች በመስኮቷ ሲያፈጡ፣ ባለ ሱቋ ኮፈኗን በመዳፏ ስትዳብስ፣ እኔ ከበራፌ ሳልነቃነቅ በዚህ ዋጋ እኮ ቤት ይገዛል አልኩት። አፌ እንዲህ ነው። ያሰብኩትን ካልተናገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። እሱም ለምዶኛልና አልተቀየመም፤ ቤት ተሳፋሪ አይጭንም እትዬ ብሎኝ ሳቀ።

ጢሱ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። የድሮዋ የናፍጣ ታክሲው ስትነሳ ሰፈሩን ሁሉ በጢስ ታጥነው ስለነበር ሰው የለጠፈበት ነው። ጢስ የማይወጣት የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶም ስሙ አልለቀቀውም። የባሌም ስም እንደዚያው ነበር። ጆሮ ይሉታል፣ ታናናሾቹ ደግሞ ጋሽ ጆሮ። ዓይኑ ከልጅነቱ ጀምሮ አያይም። ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። የተበላሸ ሬዲዮ ሲያመጡለት ከፍቶ ጥቂት ያዳምጠውና ጣቱን ሰዶ የታመመውን ቦታ ይነካዋል። የሰፈሩን ሰው በኮቴ ይለያል። ጫማ የቀየረ ሰው እንኳ አያመልጠውም፤ "አዲስ ነው መሰለኝ፣ በጤና ልበሰው" ይለዋል። ስለ ዓይኑ ቢቀልዱበት ከቀልደኛው በላይ ይስቃል። በጆሮው ከመጡበት ግን ቀልድ አያውቅም። ያ ነበር ሀብቱ።

መኪናዋን ያስገዛውም እሱ ነው፣ እውነቱን ለመናገር። ጢሱ ያቺን ለመግዛት ታክሲውን ብቻ ሳይሆን ቤት ልሠራበት ብሎ ያስቀመጠውን መሬት መሸጥ ነበረበት። ሚስቱ አለቀሰች። እኔም ከእሷ ጋር ወገንኩ። ባትሪው የሞተ ቀን ምን ይውጥሃል፣ መብራት የጠፋ ቀንስ ተሳፋሪውን በጀርባህ ልታዝል ነው ወይ፣ ያላልኩት የለም። ባሌ ግን እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በእርጋታ፣ ለነዳጅ ሰልፍ ቆመህ የምታጠፋውን ዕድሜ የሚመልስልህ የለም፣ ያቺ አሮጌ ወገብህን እያንቀጠቀጠች ልትጨርስህ ነው፣ ዛሬ ውድ ትመስላለች እንጂ ውሎ አድሮ ራሷን ትከፍላለች አለው። ጢሱ ሌላ ሰው መጠየቅ አላስፈለገውም። ጆሮ ያዋጣል ካለ ያዋጣል ብሎ ሄዶ ገዛ።

ከዚያ ያ ጨዋታቸው መጣ። የባሌ መጠገኛ ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ከባለ ሱቋ ጎን ነው። ድሮ ጀንበር ስታዘቀዝቅ የጢሱ ታክሲ ከታች ከመታጠፊያው እየተንገጫገጨች ስትነሳ ባሌ "መጣ" ብሎ የብየዳ ካውያውን ይነቅላል፣ በሩን ይቆልፋል፣ ዱላውን ይዞ ደጅ ይቆማል። ጢሱ ያሳፍረውና ዞሮ እኔ በር ላይ ያወርደዋል። መንገዱን መሻገር እንኳ አይሆንም፣ ግን ልማዳቸው ነው። አዲሷ ስትመጣ ጢሱ አሁን እንግዲህ አትሰማኝም ብሎ ጎረረበት። ባሌ ደግሞ ጉንዳን ስትሄድ የምሰማ ሰው ነኝ አለው። ተወራረዱ። ጢሱ ጥሩምባ ሳይነካ፣ በእግር ከሚሄድ ሰው ባልበለጠ ፍጥነት እያዘገመ ይመጣል። ባሌ መኪናዋ ሳትደርስበት ዱላውን ካነሳ ጢሱ ተሸንፎ ሻይ ይጋብዛል።

በየምሽቱ የሚያሸንፈው ባሌ ነው። የባለ ሱቋን የቆርቆሮ ግድግዳ በጀርባው ደገፍ ብሎ ይቆማል፣ ፊቱ ላይ አንዳች ነገር አይነበብም፣ ከዚያ መኪናዋ ገና ከሩቅ ሳለች ዱላው ወደ ላይ ይነሳል። የቆመ ሁሉ ያጨበጭባል። ጢሱ ከመኪናው ወርዶ ራሱን ይይዛል። እኔ በመስኮት እያየሁ ሁለት ሽበታም ሕፃናት እላቸዋለሁ። ደስ ይለኝ ነበር ግን፣ ለምን እዋሻለሁ።

አንድ ምሽት ዱላው አልተነሳም። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ፤ የሰማሁት የጢሱን ጩኸት ነው። ስወጣ ባሌ መንገዱ ላይ ወድቋል፣ ጢሱ ጭንቅላቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ጋሼ ጋሼ ይላል። ባሌ ድንገት ከግድግዳው ተላቆ ወደ መንገዱ ገባ፣ መኪናዋ ነካችው፣ ወደቀ፣ ጭንቅላቱ የእግረኛው መንገድ ድንጋይ ላይ አረፈ። ይኸው ነው። ሌላ ቦታ ላይ ቢወድቅ ኖሮ አቧራውን አራግፎ ይነሳ ነበር። ትራፊኩ ለካ፣ ጠየቀ፣ ጻፈ፣ በመጨረሻም ሹፌሩ ጥፋት የለበትም አለ።

እኔ ግን አላልኩም። በቀብሩ ዕለት ሰው ሁሉ ቆሞ እየሰማ ጢሱን እንዲህ አልኩት፦

"ጥሩምባ እያለህ እንደ ድመት አድብተህ ገደልክብኝ።"

ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን ነሳሁት። በዚያ ሰሞን በሰፈሩ ሲያልፍ ጥሩምባውን ሳያቋርጥ እየነፋ ነበር የሚነዳው። ሰው በመስኮት ብቅ ብሎ ይሰድበዋል፣ የተኙ ሕፃናት ይነቃሉ፣ እሱ መንፋቱን አይተውም። በኋላ መንዳቱንም ተወ። መኪናዋን ግቢው ውስጥ ሸራ አልብሶ አቆማት። አመሻሽ ላይ የሸራውን ጫፍ ገልጦ ይገባና መሪውን ይዞ ይቀመጣል። ሚስቱ እራት ቀርቧል ስትለው አይወጣም። የሰፈሩ ወሬ ደግሞ ምን ይሆናል፣ ያው ስለ ዋጋዋ ነው። ያን ሁሉ ገንዘብ አፍስሶ ሸራ ሥር፣ ድሮም አያዋጣም ብለን ነበር ይላል ያላለው ሁሉ።

እኔ ጋ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። ጀንበር ስታዘቀዝቅ የድሮዋን ታክሲ እሰማለሁ። ያቺ ታክሲ ተሽጣ ሌላ አገር ከሄደች ቆይታለች፤ የገዛትም ሰው ፈቷት መለዋወጫ አድርጓታል ሲባል ሰምቻለሁ። ቢሆንም ከታች ከመታጠፊያው ስትነሳ፣ ዳገቱ ላይ ስታስል፣ ማርሿ ሲንቋቋ እሰማታለሁ። እጄ ሳያማክረኝ ሁለት ስኒ ያወጣል። ቀጥሎ ዱላው ይመጣል፤ ደረጃውን ቋ፣ ቋ፣ ከዚያ በሩ ላይ ይቆማል። በሩን እከፍተዋለሁ። መንገዱ ባዶ ነው። አንድ ቀን ሁለቱንም ስኒ ቀድቼ ተቀምጬ ራሴን አገኘሁትና ፈራሁ። እብደት እንዲህ ነው የሚጀምረው አልኩ።

እንዲህ እያልኩ ሳለ የጢሱ ሚስት መጣች። አንድ ደላላ ነገ መኪናዋን ሊወስዳት ነው። የሰጣቸው ዋጋ ከገዙበት ግማሽ አይሞላም፤ ባትሪዋ ቆሞ ደክሟል፣ ሰው የገደለች መኪና ናት፣ ማን ይፈልጋታል ብሎ አራክሶባቸዋል። ጢሱም እሺ ብሏል፣ በነጻ ውሰዳት ቢለውም እሺ ይል ነበር። መሬቱ የለ፣ ታክሲው የለ፣ እሷም ከሄደች እኔና ልጆቼ ምን እንበላለን አለችኝ። አንድ ቃል ብቻ እንድነግረው ለመነችኝ። ከአንቺ አፍ ካልሰማ የሚሰማው ሰው የለም አለች።

"ዋጋዋን እኔም ከፍያለሁ" አልኳት። "ከእናንተ በላይ።"

ተነስታ ሄደች። ከበሩ እስክትወጣ ጀርባዋን አየሁ፣ ግን አልጠራኋትም።

ከሰዓት በኋላ መጠገኛውን ልከፍት ተሻገርኩ። ከሞተ ጀምሮ በሩን አልነካሁትም ነበር፤ አከራዩ አሁን ልቀቁልኝ አለ። ባሌ ሲዘጋ የሚያጠፋውን ዋናውን ማብሪያ ከፈትኩት፣ መብራት ግን ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ነበርና ውስጡ ጨለምለም ብሏል። ጠረጴዛው እንደተወው ነው። ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮዎች፣ ካቻቢቴዎቹ በቁመታቸው ተደርድረው፣ የሻይ ብርጭቆው አቧራ ጠጥቶ። ብርጭቆውን አንስቼ ልጠርገው ስል መብራት መጣ።

ከኋላዬ አንድ ወንድ ጮኸ። ቆርቆሮው ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ብርጭቆው ከእጄ ወደቀ፣ እኔም ካርቶኖቹ መሐል ተዘረጋሁ። ስሙን ጠራሁት፣ መጣህ ወይ አልኩት፣ አላፍርበትም። ሰውየው ግን ስለ ነገው የአየር ጠባይ ነበር የሚጮኸው። ሬዲዮ ነው። ዳር ላይ ያለው፣ እሱ ለራሱ የሚያዳምጠው ሬዲዮ፣ እንደተሰካ ቀርቶ ኖሯል።

ተንፏቅቄ ሄጄ ማዞሪያውን ያዝኩት። ጥግ ድረስ ተጠምዟል፤ ዘጋሁት። አልገባኝም። ይህ ሰው እኮ ዕቃ ሳጥብ ጮክ አልሽ የሚለኝ ሰው ነው። ድምፅ አታባክኑ እያለ ደንበኛን የሚቆጣ ሰው ነው። ከጎኑ ያለውን ሬዲዮ ነካሁት፤ የእሱም ማዞሪያ ጥግ ላይ ነው። የሚቀጥለውም። ሁሉም።

እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ነገሩ ከየት ከየት እየመጣ ይገጣጠም ጀመር። በመጨረሻው ዓመት ምን አልሽ ማለት አብዝቶ ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎኛል እያልኩ ስንት ቀን ተጣላሁት። የጠገናቸው ሬዲዮዎች ይጮኻሉ፣ ይንጫጫሉ እየተባሉ ይመለሱ ነበር፤ ዕቃው አሁን ቀሽም ነው የሚመጣው ይላል። የሬዲዮውን ሆድ በመዳፉ መያዝ ጀምሮ ነበር፣ ሕመምተኛ እንደሚዳብስ ሰው። መንገድ ላይም ቀድሞ ሰላም ማለት ትቶ ነበር። ኮርቶ ነው ብዬ ነበር የማስበው እኔ። ወይ ጉዴ! የኔ ሰው ዓይኑ የጨለመው ሳያንስ ጆሮውም እየጨለመ፣ ከአጠገቤ ተኝቶ፣ ትንፍሽ ሳይል።

ባለ ሱቋ እየሮጠች መጣች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ጋሽ ጆሮ የተነሳ መስሎኝ እኮ ነው አለችኝ። ሊሞት ሰሞን በየቀኑ እንዲህ እያስጮኸ ቆርቆሮዋን ሲያንቀጠቅጥባት እንደነበር ነገረችኝ። እሷም ለሥራው መስሏት ችላው ነበር። ታዲያ በየምሽቱ ጢሱን እንዴት ያሸንፈው ነበር ብዬ ጠየቅኳት። ማልቀስ ጀመረች።

የምታንኳኳው እሷ ነበረች። መኪናዋ ከመታጠፊያው ብቅ ስትል በሱቋ መስኮት ታያለች፣ ከውስጥ ሆና ቆርቆሮውን በጣቷ መታ ታደርጋለች፣ ጀርባውን የደገፈው ሰው ዱላውን ያነሳል። ጢሱን እናሹፍበት፣ ለማንም እንዳትነግሪ ብሏት ነበር። ቀልድ ነበር የመሰላት። ያን ዕለት ግን ታማ ሱቋን ዘግታ ሐኪም ቤት ሄዳለች፣ እየጣደፈች ስለወጣች አልነገረችውም። ባሌ ባዶ ሱቅ ደግፎ የማይመጣ ምልክት ሲጠብቅ ቆየ። ጢሱ ዘገየ ብሎ መሆን አለበት፤ ብቻውን ሊሻገር ተነሳ።

እሷ እስከዛሬ ያን ዕለት ሳላንኳኳለት ቀረሁ ብላ ራሷን ትበላለች እንጂ ጆሮው ደክሟል ብላ አላሰበችም። ለእኔ ግን ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። አፍሽን ያዢ አልኳት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም።

ዱላውን ከበሩ ኋላ አነሳሁና ወጣሁ። ምን እንደማደርግ በደንብ አላወቅኩም። አንድ ነገር ብቻ ነበር ማወቅ የምፈልገው፤ ያቺ መኪና ለደህና ጆሮ ትሰማለች ወይስ አትሰማም? ካልተሰማች ባሌ ድሮም ዘንድሮም ጆሮ ነው፣ ሬዲዮውም ሌላ ምክንያት ይኑረው፣ ጢሱም ገዳዩ ነው። ከተሰማች ግን... እግዜር ያሳያችሁ፣ እንዳትሰማ ጸለይኩ። የጎረቤት ልጆች ጦማቸውን ከማደራቸው ይልቅ የሞተው ባሌ ጆሮ አሳስቦኝ፣ እንዳትሰማ ጸለይኩ።

ጢሱ እንደ ልማዱ መኪናዋ ውስጥ ነበር። ሲያየኝ ደነገጠ። ሸራውን በዱላው ገፍቼ ጣልኩና ተነስ አልኩት፤ ታች ውረድ፣ ከመታጠፊያው ጀምረህ እንደዚያ ጊዜ ና፣ ጥሩምባ እንዳትነካ። አልችልም እትዬ አለ። ትችላለህ አልኩት፣ ባለዕዳዬ ነህ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ አፏን ይዛለች። አስነስቶ ወጣ።

እኔ ሄጄ ባሌ የሚቆምበት ቦታ ቆምኩ። ቆርቆሮው ላይ የጀርባው ቅባት ታትሟል፤ ጀርባዬን እዚያው ላይ አደረግኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

መጀመሪያ ምንም የለም። ደስ አለኝ። ሩቅ ውሻ ይጮኻል፣ የሆነ ሰው ባልዲ ያስቀምጣል፣ ሌላ ምንም። አትሰማም፣ አትሰማም እያልኩ ዱላውን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። ከዚያ ከታች፣ ከመታጠፊያው፣ ጎማ ጠጠር ሲረግጥ ሰማሁ። ቀጥሎ ቀጭን የፉጨት ድምፅ፣ ልክ እንደ ወባ ትንኝ፣ ግን የማይቋረጥ። ዳገቱን ይዞ መጣ። እኔ ድስት ሲያር እንኳ የማልሰማ ሴትዮ ነኝ፤ እየደጋገምኩ ልክድ ሞከርኩ። ድምፁ ግን ቀረበ። እያንዳንዱን ጠጠር እሰማለሁ።

ዱላውን ወዲያው አላነሳሁም። ባሌ እዚህ ቆሞ ምን ይሰማው እንደነበር ላስብ ፈለግኩ። ምንም። በዓይኑ ምንም፣ በጆሮው ምንም፤ ጀርባው ላይ የምትመጣ አንዲት ኳኳታ ብቻ። በየምሽቱ እንዲያ ሆኖ እየቆመ፣ ሲጨበጨብለት ጭብጨባውን እንኳ ሰምቶት ይሁን አይሁን ማን ያውቃል። በጣም አዘንኩለት። በጣምም ተቆጣሁት። ለእኔ እንኳ።

ዱላውን አነሳሁ። መኪናዋ ቆመች። ዓይኔን ስገልጥ ጢሱ ወርዶ ከፊቴ ቆሟል፣ ፊቱ በእንባ ርሷል።

"ሰማሽኝ እትዬ?"

"ከመታጠፊያው ጀምሮ ሰምቼሃለሁ።"

አልገባውም። እኔን አየ፣ መኪናዋን አየ፣ ዱላውን አየ።

"ታዲያ እሱ..."

"እሱ አይሰማም ነበር" አልኩት። "ሸሽጎን ነው የሞተው፣ አንተንም እኔንም። ባለ ሱቋ ነበረች ቆርቆሮውን የምታንኳኳለት። ያን ቀን አልነበረችም።"

ይህን ካልኩ በኋላ አፌ መረረኝ። የባሌን ብቸኛ ሀብት አውጥቼ ለሰው የሰጠሁ መሰለኝ። ጢሱ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ፣ እዚያው ድንጋይ አጠገብ ቁጭ አለ። አንገቱን ደፋ። ቀና ሲል ይናደዳል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ መብቱ ነው፣ ያን ሁሉ ጊዜ የተሸከመው የእሱ አልነበረም። እሱ ግን ሌላ ሰው ሰምቷል ወይ ብሎ ነው የጠየቀኝ። አንተ ብቻ አልኩት።

"እንግዲያው እዚሁ ይቅር" አለ። "ሰፈሩ እኔን የፈለገውን ይበለኝ። ጋሼ ጆሮ እንደሆነ ይቅር።"

በሩን ከፈተልኝ። የባሌ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። መንገዱን ዞሮ እኔ በር ላይ እስኪያደርሰኝ ውስጧ ጭር ከማለቱ የተነሳ የእሱን ትንፋሽ ከእኔ ትንፋሽ ለይቼ እሰማ ነበር።

በማግስቱ ደላላው መጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ጢሱ አሁን ይሠራል። ሚስቱ ሳቅ ማለት ጀምራለች። ሰፈሩ ደግሞ ሰው በገደለባት መኪና ዳቦ ይበላል፣ ዓይኑን በጨው ያጠበ ይለዋል፤ እሱ ይሰማና ያልፋል። እኔን ያዋጣል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ፣ ነዳጁን ከባትሪው እያነጻጸሩ። ሂዱና ራሱን ጠይቁት እላቸዋለሁ።

የድሮዋ ታክሲ ከዚያ ቀን ወዲህ አልመጣችም። ዱላውም ደረጃውን አልወጣም። ጀንበር ስታዘቀዝቅ መስኮቴን ከፍቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እቀመጣለሁ። አንድ ምሽት፣ አንድ ምሽት ብቻ፣ የጢሱ መኪና ሳልሰማት በሬ ላይ ብትደርስ ባሌን እንደ ድሮው አድርጌ አስበው ነበር። ጎማዋ ገና ከታች ጠጠሩን ሲረግጥ እሰማታለሁ።